ሰብሳቢው አባትና ሰብሳቢው ልጅ



ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትንንሽ መኪኖች ነው። ሕፃናት በገመድ እየጎተቱ ስለሚሰባብሯቸው አይደለም። በዓለም የታወቁ የጽናት ውድድር መኪኖችን ቅርጻቸውን፣ ቀለማቸውን፣ በበራቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይቀር ገልብጠው በመዳፍ ላይ እንዲያርፉ አድርገው ስለሚሠሯቸው ሞዴሎችና እነርሱን ስለሚሰበስቡ ሰዎች ነው። «ይህ ለእኛ ቤት ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

እዚህ ዲላ ከማስተምራቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ መኪኖች አሉት። ጥቂቶቹን በቡና ለቀማ ወቅት ባገኘውና ለዒድ በሚሰጠው ገንዘብ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አስገዝቷል፤ የቀሩትን ጅዳ የሚኖሩት አክስቱ በመጡ ቁጥር ይዘውለት መጥተዋል። አባቱ ነገሩን ልብ ሳይሉት ቆዩና፣ ልጁ ለሒሳብ መጽሐፍ የተሰጠውን ገንዘብ ለአንዲት መኪና ማዋሉን የሰሙ ዕለት አሥራ አንዱንም በካርቶን ከተው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ልጁ ቂም ያዘ። ከአባቱ ጋር ማዕድ መቅረብ ተወ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚቀራበትን መድረሳም መራቅ ጀመረ። ወደ እኔ የመጡት እናቱ ናቸው። «ኡስታዝ፣ ይህችን ለምታህል ብረት ብለው አባትና ልጅ ሊቆራረጡብኝ ነው» አሉኝ።

አባትየው ሐጂ ናቸው፤ ስማቸው ይቆየን። ቤታቸው ሄጄ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ነገሩን በእርጋታ አስረዱኝ። ያንገበገባቸው ገንዘቡ አይደለም፤ መዋሸቱ ነው። ቀጥሎም ልጁ ልቡን በማያውቀው አገር እሽቅድምድም ላይ መጣሉ ነው። ሁለቱም የአባት ጭንቀት ስለሆኑ የሚናቁ አይደሉም። ስለ ውሸቱ ለልጁ ለብቻው የምነግረው ነበረኝ፤ ነገርኩትም። ሁለተኛው ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ በመሆኑ ለዚህ ዓምድ ተረፈ።

የጌዴኦ ሰው ለሆነ አንባቢ መንገር አያስፈልግም እንጂ፣ በእኛ አካባቢ «ሰብሳቢ» የሥራ ስም ነው። ሰብሳቢ ማለት ከገበሬው እሸት ቡና እየገዛ ወደ መፈልፈያ የሚያደርስ ነጋዴ ነው። ሐጂም ሰብሳቢ ናቸው። እጃቸውን ከጆንያው ከተው አንድ እፍኝ ያወጡና ጥሬውን፣ ያለፈበትንና ደም የመሰለውን በአንድ እይታ ለይተው ዋጋ ይናገራሉ። «ሐጂ፣ እርስዎም ሰብሳቢ፣ ልጅዎም ሰብሳቢ፤ ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው?» አልኳቸው ለጨዋታ ያህል። ሳቅ አሉና፣ «እኔ የምሰበስበው ይሸጣል፤ ይጠጣል። እሱ የሚሰበስበው ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱም እንደ ሰብሳቢው ይለያያል። ሳይመርጥ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠራቅም ልጅ ብረት አጠራቀመ እንጂ አልሰበሰበም። የያዘውን አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ ይህን ለምን እንደያዘ ያንን ለምን እንደተወ የሚናገር ልጅ ግን ሐጂ በእሸት ቡናው ላይ ያላቸውን ዓይነት ዓይን እያበጀ ነው። ይህ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማየት ካርቶኑ እንዲወጣና ልጁ እንዲጠራ ለመንኩ። ሐጂ አልከለከሉም።

ልጁ እያቀረቀረ መጀመሪያ ያወጣት መኪና አንዲት ፔጆ 404 ነበረች። ሐጂ ዓይናቸውን ጣል አድርገው፣ «ይህቺማ ፔጆ አይደለችም እንዴ? በልጅነቴ ከአባቴ ጋር የሄድኩባት!» አሉ። «አዎ አባባ፤ ናይሮቢ ላይ አራት ጊዜ አሸንፋለች» አለ ልጁ። ከስንት ቀን በኋላ ለአባቱ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህች ሳትሆን አትቀርም። የልጁን ነገር እዚህ ላይ ላቆየውና ያወራልንን ላጫውታችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመኪና ውድድር ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ፍጥነት ብቻ ነው። የጽናት ውድድር ግን ከዚህ ለየት ይላል። የታወቀው በፈረንሳይ አገር ሌ ማን በምትባል ከተማ ከ1923 ጀምሮ የሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ነው። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ሌሊቱን፣ ዝናብም ቢመጣ፣ ጉምም ቢወርድ ሲዞር አድሮ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ያቆማል። ሾፌሮች እየተፈራረቁ ይነዳሉ። አሸናፊ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሸፈነው ነው። ስለዚህ ሞተሩን ያለ ርኅራኄ የሚያስጮኽ ሾፌር ሌሊቱ ሳይጋመስ ጥግ ይዞ ሊቆም ይችላል። ፍሬኑን ቆጥቦ፣ ማርሹን አክብሮ የሚይዘው ይደርሳል። በ1971 ያሸነፈችው ፖርሽ 917 በአንድ ቀንና ሌሊት 5,335 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ይህም እስከ 2010 ድረስ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ ከሄዱ በኋላ እንደገና ወደ ዲላ ጉዞ ጀምሮ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ማለት ነው። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ባቀረብኩት ጊዜ ያላፏጨ ተማሪ አልነበረም።

ሌ ማን ሩቅ ነው። የእኛው ጎረቤት የሆነው ደግሞ ሳፋሪ ነው። በዲላ መካከል የሚያልፈው አስፋልት በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይገባል፤ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ እስከ ናይሮቢ ይዘልቃል። በዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ባለው አገር በ1953 የእንግሊዟን ንግሥት ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ አንድ ውድድር ተጀመረ፤ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን ያካልል ነበር። ኋላ «ሳፋሪ ራሊ» ተብሎ በዓለም ታወቀ። የሚካሄደው በዝናቡ ወራት መግቢያ በመሆኑ አስቸጋሪነቱ ከሩጫው ይልቅ በጭቃው፣ በወንዝ ሙላቱና በድንጋዩ ነበር። በ1963 ከ80 በላይ መኪኖች ተነስተው እስከ መጨረሻው የደረሱት ሰባት ብቻ ናቸው። በ1968 ከ90 በላይ ተነስተው አሁንም የደረሱት ሰባት ሆኑ። የሚገርመው በሁለቱም ዓመታት ያሸነፈው አንድ ሰው፣ ኒክ ኖዊኪ፣ የነዳውም ያንኑ ፔጆ 404 መሆኑ ነው። ይህችው ፔጆ በ1966ና በ1967 በሌላ ሾፌር እጅ አሸንፋለች። ልጁ «አራት ጊዜ» ያለው ይህንኑ ነው።

የሳፋሪን አሸናፊዎች ዝርዝር ለአንድ የዕድሜ ባለጠጋ የዲላ ሾፌር ብታነቡለት የጎረቤቶቹን ስም የሰማ ያህል ይሆንበታል። በ1954፣ በ1957ና በ1962 ያሸነፈችው ያቺ አዲስ አበባን ሞልታ የነበረችው ቮልስ ናት። በ1975 ፔጆ 504 አሸነፈች። በ1970ዎቹ ዳትሰን ደጋግማ ወሰደችው። እነዚህ በልዩ ሥፍራ ተሸሽገው የተሠሩ ጉዶች አልነበሩም፤ ሐኪም ወደ ሥራው፣ ነጋዴ ወደ ገበያው የሚሄድባቸው መኪኖች ነበሩ። ትንሽ ይጠናከራሉ፣ ፊት ለፊታቸው ላይ ተጨማሪ መብራት ይተከልላቸዋል፣ ቁጥር ይጻፍባቸዋል፣ ይነሳሉ። ሐጂ «የማናውቀው አገር እሽቅድምድም» ያሉት ጉዳይ፣ በቅርብ ሲታይ የራሳቸው ዘመን የመንገድ ታሪክ ሆኖ ተገኘ።

ከሾፌሮቹም መካከል ልጆቻችን ቢያውቋቸው የማይጎዱ አሉ። ጆጊንደር ሲንግ በኬንያ የተወለደ የሕንድ ዝርያ ያለው መካኒክ ነበር። በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ባለፈው ዓመት በዚሁ ውድድር ላይ ስትደበደብ የከረመች አሮጌ ቮልቮ ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ በእርሷው አሸነፈ። ከዚያም በ1974ና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው፤ ሠለሰው። ሼካር ሜህታ ደግሞ የዩጋንዳ ሰው ነው። ኢዲ አሚን በ1972 የእስያ ዝርያ ያላቸውን ሁሉ ከአገር ሲያባርር የእርሱም ቤተሰብ ተሰድዶ ኬንያ ገባ። በማግስቱ ዓመት በ1973 በዳትሰን 240ዜድ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ነጥብ አምጥቶ፣ እኩልነቱ በደንቡ ሲፈታ አሸናፊ እርሱ ሆነ። ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ ማንም አልቀደመውም። ከአገሩ የተባረረ ወጣት በሰው አገር ጭቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ማሸነፉን ያወቀ ልጅ ያቺን ዳትሰን በእጁ ሲይዝ የያዘው ቆርቆሮ ብቻ ነው ማለት ያስቸግረኛል።

ከአሥራ አንዱ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሳበችኝ ግን ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም የተቀባች ፎርድ ጂ.ቲ. 40 ናት። ስሟ የመጣው ከቁመቷ ነው፤ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 40 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል ብቻ ናት። በበሯ ላይ ቁጥር 6 ተጽፏል። ቁጥር 9 የተጻፈባት ሌላ ሞዴልም ለገበያ ቀርባለች። ልጁ እንዳስረዳን ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው፤ በ1968 በ9 ቁጥር፣ በ1969 በ6 ቁጥር ሌ ማንን ያሸነፈችው ያችው አንዷ መኪና ነች።

የ1969ኙ ታሪክ እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን ውድድሩ የሚጀመረው ሾፌሮቹ ከመንገዱ ማዶ ተሰልፈው፣ ባንዲራ ሲወርድ ሮጠው ወደ መኪናቸው በመግባት ነበር። ለመቅደም ሲሉ ብዙዎቹ የደህንነት ቀበቶ ሳያስሩ ይነሱ ነበር። ጃኪ ኢክስ የተባለው የቤልጂግ ወጣት ይህ ስህተት ነው ብሎ ያምን ስለነበር ሌላው ሲሮጥ እርሱ ቀስ ብሎ ተራመደ፤ ገባ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ከሁሉም መጨረሻ ተነሳ። በዚያው በመጀመሪያው ዙር ጆን ዉልፍ የተባለ ተወዳዳሪ ተጋጭቶ ሞተ፤ ቀበቶ አላሰረም ነበር። ኢክስና ጓደኛው ጃኪ ኦሊቨር ግን በማግስቱ ከ24 ሰዓት ሩጫ በኋላ ሁለተኛ የወጣውን ፖርሽ በ120 ሜትር ያህል ብቻ ቀድመው አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ያ የሩጫ አጀማመር ቀረ፤ በ1970 ሾፌሮቹ ቀበቶ አስረው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ተነሱ። (በ120 ሜትር የተቀደመው ሐንስ ሄርማን በዚያው በ1970 በፖርሽ 917 አሸንፎ ውድድርን ተሰናበተ።) ከዲላ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ «ቀበቶ ለትራፊክ ፖሊስ ነው» እያለ ከኬላ በኋላ የሚፈታ ሾፌር ስንቱ ነው! በክፍሌ ውስጥ ስለ ቀበቶ ካስተማርኩባቸው ዘዴዎች ሁሉ የሠራልኝ ይህ ታሪክ ነው፤ በተለይም ቁጥር 6ን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ የተናገርኩ ዕለት።

ሁሉም መኪና ግን ለልጅ መደርደሪያ አይሆንም። በ1955 በሌ ማን አንድ መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል.አር. ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወደ ተመልካቹ ተወረወረና ሾፌሩን ጨምሮ ከ80 ሰው በላይ ሞተ። መርሴዲስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከውድድር ወጥቶ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት አልተመለሰም። የዚያች መኪና ሞዴልም ይሸጣል። እኔ በበኩሌ፣ ለትልቅ ሰው ቢሆን አልፈርድም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ያንን ጌጥ አድርጎ መያዝ አልወድለትም።

ሌላው የሙስሊም ቤተሰብ ሊያስተውለው የሚገባ በመኪኖቹ ገላ ላይ የተጻፈው ነው። ሐጂ ራሳቸው ናቸው ያዩት። አንዲቱን ነጭ ፖርሽ አንስተው «ይህ ምን ይላል?» ሲሉ ልጁ አፈረ፤ የመጠጥ ስም ነበር። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የውድድሩን ወጪ የሚሸፍኑት በአብዛኛው የሲጋራና የመጠጥ ኩባንያዎች ስለነበሩ የዘመኑ ዝነኛ መኪኖች የእነርሱን ስም ተሸክመው ይዞራሉ። በዚህ የሚጨነቀው ሙስሊም ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። የትምባሆ ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ ባለባቸው አገሮች የሞዴሎቹ ሠሪዎች ራሳቸው የሲጋራውን ስም ትተው ቦታውን ባዶ አድርገው ይሸጣሉ። ከዚህ ነፃ የሆኑ ታላላቅ መኪኖችም ሞልተዋል። የጂ.ቲ. 40ዋ ሰማያዊና ብርቱካናማ የነዳጅ ኩባንያ ቀለም ነው። በ1991 ከጃፓን መኪኖች ሁሉ ቀድማ ሌ ማንን ያሸነፈችው ባለ 55 ቁጥሯ ማዝዳ 787ቢ የተሸከመችው የልብስ ኩባንያ ስም ነው፤ ሞተሯም እንደ ሌሎቹ ፒስተን ያለው ሳይሆን የሚሽከረከር ሮተር ያለው በመሆኑ የፊዚክስ መምህራንን የሚያስደስት ነው። ያቺን ነጭ ፖርሽ ልጁ ራሱ አውጥቶ ለየብቻ አስቀመጣት። እኔም ሐጂም ምንም አላልንም።

«ቅርጻ ቅርጽ ቤት ውስጥ ማስቀመጥስ?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ወላጆች ደርሶኛል። ዑለማእ የተነጋገሩበት ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል ነው፤ መኪና ከዚያ ውስጥ አይገባም። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ከመጫወቻዎቻቸው መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበራቸውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተውት እንደሳቁ በሐዲስ መዘገቡንም ማስታወስ ይበቃል። የሚያሳስበው ይልቁንስ ኢስራፍ ነው። ዛሬ በውጭ አገር በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ሞዴል ብዙ ጊዜ ከ70 ዩሮ በላይ ያወጣል፤ ይህ የእኛ ልጆች የሚያልሙት ገንዘብ አይደለም፣ ሊያልሙትም አይገባም። ርካሾቹ ግን አሉ፤ ቀለማቸው ትንሽ ቢወፍርም ታሪኩን ለመያዝ አያንሱም። እግረ መንገዴን፣ ለንግድ ብሎ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ካለ እንደማንኛውም የንግድ ዕቃ ዘካት እንዳለበት አይርሳ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመልሳችሁ፤ መምህር ነኝና ይህን ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። በሞዴሉ ሆድ ላይ 1፡43 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። በካርታ ላይ የምናውቀው እስኬል ነው፤ እውነተኛው መኪና ከሞዴሉ 43 ጊዜ ይረዝማል ማለት ነው። ለምን 43? በእንግሊዝ የባቡር መጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች አንዱን ጫማ ርዝመት በ7 ሚሊ ሜትር ይወክሉ ነበር፤ አንድ ጫማ 304.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ7 ሲካፈል 43.5 ይመጣል። መኪኖቹ ከባቡሩ አጠገብ እንዲቆሙ ስለተሠሩ ልኩ በዚያው ቀረ። ሌሎች ልኮችም አሉ፤ 1፡18 ተለቅ ያለው ነው፣ 1፡64 በኪስ የሚያዘው። «ማችቦክስ» የሚባሉት ደግሞ የተጀመሩት፣ በአንዲት ሕፃን ትምህርት ቤት ከክብሪት ሳጥን የሚበልጥ መጫወቻ ማምጣት ስለተከለከለ አባቷ በሳጥኑ ልክ ስለሠራላት ነው ይባላል። የከለከለው መምህር እንዲህ ያለ ፋብሪካ አስከፍታለሁ ብሎ አላሰበም መቼም!

ቮልስ ርዝመቷ 4.08 ሜትር ነው፤ ለ43 ሲካፈል 9.5 ሳንቲ ሜትር። የሌ ማን አንድ ዙር 13.626 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚሁ ልክ ቢያንስ 317 ሜትር ይሆናል። ተማሪዎቼ ይህንን በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ ለክተው፣ «አንድ ዙር እዚህ ድረስ ነው» እያሉ ሲከራከሩ ነበር። ግን ክብደቱ ነው ያስቸገራቸው። ርዝመት በ43 ከቀነሰ ይዘት የሚቀንሰው በ43 ሳይሆን በ43 ሲባዛ በ43 ሲባዛ በ43 ነው፤ 79,507። ቮልስ 740 ኪሎ ግራም ያህል ብትመዝን ሞዴሏ 10 ግራም አይሞላም ማለት ነው። በወርቅ ቤት ሚዛን ብናስቀምጣት ግን ብዙ እጥፍ ትመዝናለች። ለምን? እውነተኛው መኪና ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሞዴሉ ግን ከዚንክ ቅልቅል ቀልጦ የፈሰሰ በመሆኑ ግድግዳው ከልኩ በላይ ወፍራም ነው። ይህን መልስ ያገኘችው አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

ለሚሰበስቡ ልጆች ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የዲላ ጠላት ሁለት ነው፦ በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ በክረምት እርጥበቱ። መስታወት ያለው ሳጥን ባይገኝ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ አታስቀምጡ፤ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ይነጣል። አቧራውን በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ እንጂ በእጅ አትጥረጉት፤ መስታወቱና አንቴናው መጀመሪያ የሚሰበረው በጣት ነው። በ1930ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች በዚንኩ ውስጥ እርሳስ ስለተቀላቀለበት ከውስጥ እየተሰነጣጠቁ በራሳቸው ጊዜ ይፈርሳሉ፤ መድኃኒትም የለውም። ሻጭ «ጥንታዊ ነው» ቢላችሁ መጀመሪያ ስንጥቁን እዩ።

ሐጂና ልጃቸው እንዴት ሆኑ ለምትሉ፣ ካርቶኑ አልተመለሰም፤ ቁልፉ ግን ወደ እናትየው እጅ ተዛወረ። ልጁ በሳምንት አንድ መኪና ያወጣል፤ ስለ እርሷ በደብተር አንድ ገጽ ይጽፋል፤ ከጁሙዓ በኋላ ለአባቱ ያነባል። እስካሁን አራት ገጽ ደርሷል። የመጽሐፉን ገንዘብ በሚመጣው ለቀማ ይከፍላል። መድረሳውን ቀጥሏል፤ አንዳንድ ቀን ያረፍዳል እንጂ። ሐጂ አሁንም «የኔ ይሸጣል» ማለታቸውን አልተዉም። አምስተኛዋ መኪና ምን እንደሆነች ግን ሐሙስ ማታ ላይ ይጠይቁታል አሉ፤ እናትየው ናቸው የነገሩኝ።

መግዛት ለማይችሉት፣ ማለትም ለብዙዎቹ፣ የሽቦ መኪና አለላቸው። በቡሌም ሆነ በይርጋጨፌ ዳገቶች ልጆች ከሽቦ፣ ከጣሳና ከነጠላ ጫማ ሶል የሚሠሩት መኪና ከመርካቶው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ልክ የለውም። ጎማው ይገዝፋል፣ ገላው ያንሳል። እኛ ክፍል አሁን የ1962ቷን የሳፋሪ ቮልስ በልክ እየሠራን ነው። ጎማ እንዲሆን የተመረጠው የሃይላንድ ውኃ ክዳን ነው፤ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። የቮልስ ጎማ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ልኩ 1፡22 ገደማ ይመጣል፤ እንግዲያው ርዝመቷ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 7 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሽቦው ተገኝቷል። የቮልስን ክብ ጀርባ በሽቦ ማጠፉ ግን ሦስት ጊዜ ከሽፎብን በአራተኛው ላይ ነን።

በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በጨለለቅቱ ያላችሁ የቀድሞ ሾፌሮችና ልጆቻቸው፣ በቮልስ፣ በፔጆ ወይም በዳትሰን የሞያሌን መንገድ በዝናብ የነዳችሁ ካላችሁ ስንት ቀን እንደፈጀባችሁ፣ የቱ ጋ እንደተዋጣችሁና በምን እንደወጣችሁ ጻፉልን። በተለይ የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ ሰሌዳ ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩልን፤ ተማሪዎቼ የጭቃውን ቀለም ከየት እስከ የት እንደሚቀቡ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።